የእትዬ ማሚቱ አራት ቢላ

አሰላ ውስጥ ድግስ ደግሶ እትዬ ማሚቱን የማያውቅ ሰው የለም። ሰርግም ሆነ ክርስትና፣ ተዝካርም ሆነ ምረቃ፣ ወጡ ላይ የምትቆመው እሷ ናት። እኔ የምኖረው እሷ ግቢ ውስጥ፣ ከበሩ አጠገብ ያለችውን ክፍል ተከራይቼ ነው። አንቱ ስላት «አስረጀኸኝ» ብላ ስለምትቆጣ አንቺ እላታለሁ። እዚህም እንደዚያው ነው የማወራው፤ ንቄያት እንዳይመስላችሁ።

እሷን መቅዳት ከባድ አይደለም። አገጭህን ወደ ደረትህ ሳብ ታደርግና ማንኛውንም ነገር እንደተቆጣህ ትናገራለህ። «ደህና አደርክ» ስትለኝ ራሱ የሰረቅኳት ነገር ያለ ይመስለኛል። የሚከብደው አብራት የምትሰራውን እትዬ ሀሊሜን መቅዳት ነው። ሀሊሜ ኦሮምኛና አማርኛውን እያፈራረቀች ቀስ ብላ ነው የምታወራው፤ ደግሞ ሳቋ ከወሬው ቀድሞ ይመጣል። ማሚቱን «ማሚቱ ኮ» ትላታለች፣ የኔ ማሚቱ ማለቷ ነው። ይሄን ነገር የሰማሁት ከሁለቱም ነው። ጢቾ በሚባለው ከተማ ሰርግ ላይ ሲሆን እኔ አልነበርኩም፤ ግን ሁለቱም ነገሩን ሲነግሩኝ አንዷ ያለችው ከሌላኛዋ ጋር ስለገጠመ እንደነበርኩ ቁጠሩት።

እኛ አገር ድግስ ሲደገስ ድስቱ ሁለት ቦታ ነው የሚጣደው። ክርስቲያን ልጁን ሲድር እስላም ጎረቤቶቹን ሳይጠራ አይቀርም፤ እስላምም ሲድር እንደዚያው። ስጋው ግን ለየብቻ ነው። በሬው ለየብቻ ይታረዳል፣ ዳሱ ለየብቻ ይጣላል፣ ድስቱም ቢላውም አይነካካም። ስለዚህ ማሚቱ የክርስቲያኑን ትሰራለች፣ ሀሊሜ የእስላሙን። አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይመለሳሉ፣ የደጋሹን ቤት ሀሜት መንገድ ላይ አብረው ይጨርሱታል። ሀሊሜን ዳሌዋን ስለሚያማት ማማሰያና ጭልፋውን ትይዛለች፤ የሁለቱንም ቢላ በማዳበሪያ ከረጢት የምትሸከመው ማሚቱ ነበረች።

ከረጢቱ ውስጥ የሌለ ቢላ አልነበረም። ጎመን ብቻ የሚከትፍ ሰፊ ቢላ አለ። ቋንጣ መዘልዘያ ቀጭን አለ። ባለጥርስ የዳቦ አለ። ባሏ ጋሽ አስናቀ ያስቀጠቀጠው፣ ከመኪና ባሌስትራ የተሰራ ካራ አለ። አንዱ ደግሞ ምንም አይቆርጥም፣ ግን ትልቅ ስለሆነ ያስፈራል፤ ጎረምሶች ወደ ጥብሱ እንዳይጠጉ አጠገቧ የምታስቀምጠው እሱን ነው። ከረጢቱን ተሸክማ ስትመጣ ቅጭልጭልታው ከሩቅ ይሰማል፣ ውሻ ሳይቀር መንገድ ይለቅላት ነበር።

ይሄ ሁሉ ብረት የሚያርፈው ቀኝ ትከሻዋ ላይ ነው። አንድ ክረምት ሻሿን ለማሰር እጇን ብታነሳ እጇ እምቢ አለ። ሆስፒታል ሄደች። ሐኪሙ ከሌላ ክልል የተመደበ ወጣት ነው፣ ቃላቱን እየመዘነ ነው የሚናገረው፤ ከእጅ ቦርሳዎ የበለጠ ነገር እንዳያነሱ አላት። ማሚቱ ቦርሳ የላትም። ታዲያ ምን ያህል ነው ብላ ብትጠይቀው ግራ ገብቶት የነርሷን ቦርሳ አስያዛት። ያንን ይዛ ክፍሉ ውስጥ ትንሽ ተንጎራደደች አሉ። ነርሷ ናት የነገረችኝ።

ልጇ ሰሎሜ አዳማ ልብስ ሱቅ ውስጥ ነው የምትሰራው። ወሬውን እንደሰማች ፈቃድ ጠይቃ መጣች። ሰሎሜ እናቷን ቁርጥ ናት፤ እሷም ስታወራ ትቆጣለች። ሁለቱ ሲነጋገሩ ከክፍሌ ሆኜ ስሰማ አንድ ሰው ከራሱ ጋር የሚጣላ ነው የሚመስለው። ድግሱ ይብቃሽ፣ ክፍል አዘጋጅቼልሻለሁ፣ አዳማ መጥተሽ እጅሽን አጣጥፈሽ ተቀመጪ አለቻት። ማሚቱ ሙቀቱን አልችለውም ብላ ጀመረች፣ ቀጥላ ውሃው አይስማማኝም አለች፣ መጨረሻ ላይ ግን እውነቱን አወጣችው።

«አዳማ ሄጄ ማንን ልቆጣ? እዚያ ማንም አያውቀኝም።»

ሰሎሜ ይህንን ስትሰማ ትንሽ ለዘብ አለች። ግን ዝም ብላ አልተወቻትም፣ ውል አስገባቻት። ገብረወልድ የሚባሉ የጢቾ ሰው ሴት ልጃቸውን ሊድሩ ነው፣ ማሚቱና ሀሊሜ ተጠርተዋል። ማሚቱ ከረጢቱን ትታ፣ በአንድ ጨርቅ ተጠቅልሎ በአንድ እጅ በሚያዝ ቢላ ያንን ሰርግ ከተወጣችው ስራዋን ትቀጥላለች። መሀል ላይ ቢላ አንሷት ከሰው ከተበደረች ግን ነገሩ አበቃ፣ ጠቅልላ አዳማ ትገባለች። ማሚቱ እሺ አለች። በኋላ እንደነገረችኝ እሺ ያለችው አስባበት አይደለም፣ ልጇ ፊት ላለመሸነፍ ነው።

በነጋታው ከረጢቱን በረንዳው ላይ ዘረገፈችው። ሰሎሜ በርጩማ ላይ እግሯን አነባብራ ተቀምጣ ታያለች። ማሚቱ ቢላዎቹን በየስራቸው ደረደረች፤ ይሄ የስጋ፣ ይሄ የሽንኩርት፣ ይሄ የጎመን፣ ይሄ የቋንጣ፣ ይሄ የዳቦ። ከዚያ መቀነስ ጀመረች። አንዱን ወደ ከረጢቱ ትመልሳለች፣ ትንሽ ቆይታ ቀስ አድርጋ ታወጣዋለች። የሚያስፈራውን እንኳን ሶስቴ አውጥታዋለች። ሰሎሜ እሱ ምን ይቆርጣል ስትላት፣ የሰው አመል ይቆርጣል አለች። በዚህ አይነት ከሰዓት ሆነና በረንዳው ላይ ያለው ቢላ አንድ ስጋ ቤት ያስከፍታል።

ሀሊሜ የመጣችው ያኔ ነው። በሩ ላይ ቆማ መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ ማሚቱ ኮ፣ ገበያ ልትወጪ ነው ወይ አለች። ነገሩን ሲነግሯት በርጩማውን ከሰሎሜ ተቀብላ ተቀመጠች። ከዚያ ያለችውን ራሷን እየቀዳሁ ብነግራችሁ ይሻላል፤

«ስራውን አትቁጠሪ። የሽንኩርቱ ቢላ ጎመን እምቢ ይላል? አይልም። ዳቦስ? አይልም። የስጋው ቢላ ግን የጾም ሽንኩርት ይከትፋል? አይከትፍም። የአንቺ የእኔን ስጋ ይነካል? ሚቲ፣ አይነካም። የማይቀላቀለው ይሄ ነው። ሌላው ሁሉ የአንቺ ልማድ ነው።»

ማሚቱ ቢላዎቹን አየቻቸው። ለስንት ዓመት ራሷ ስትለያቸው የኖረችውን ነገር ነው ሀሊሜ የነገረቻት፤ ግን ማንም እንደዚህ አድርጎ አስልቶላት አያውቅም። ከዚያ በኋላ ምርጫው የሻይ ጊዜ አልፈጀም። ለጾም አንድ፣ መካከለኛ፣ ከተገዛ ጀምሮ ስጋ ነክቶት የማያውቅ። ለፍስክ አንድ ትልቅ። የዶሮ ብልት ለማውጣት ደግሞ አንድ ትንሽ፣ እሱም የፍስክ ነው፤ ዶሮ በትልቅ ቢላ አስራ ሁለት ቦታ አይወጣምና። አራተኛው የሀሊሜ፣ የክርስቲያን ስጋ ያልነካ።

ሰሎሜ እዚህ ላይ ጣልቃ ገባች። አንቺ የማትነኪው ቢላ ከአራቱ የአንዱን ቦታ ለምን ይይዛል አለች።

«እሱ ከቀረ ሀሊሜ ትቀራለቻ» አለቻት እናቷ።

እንዳይምታታ እጀታቸው ላይ ክር አሰሩ። የጾሙ ነጭ፣ የፍስኮቹ ቀይ፣ የሀሊሜ አረንጓዴ። የጋሽ አስናቀ ካራ ሳጥን ውስጥ ገባ። ለነገሩ እሱ ከሞተ ወዲህ ያ ካራ ስራ ፈት ነው። ሴት ስለማታርድ ማሚቱ ዶሮ ሲኖራት አንጠልጥላ ከግቢው በር ላይ ቆማ የሚያልፍ ወንድ ትጠብቃለች። እኔ ያኔ ሁልጊዜ ሥራ አለብኝ።

ጢቾ የደረሱት ሐሙስ ነው። አርብ ጠዋት ጉሙ ሳይነሳ የሰፈሩ ሴቶች ሽንኩርት ሊከትፉ መጡ። የየራሳቸውን ቢላ ይዘው ነው የሚመጡት፣ ያ የመንደር ወግ ነው። የወጥ ሰሪዋ እጅ ላይ ያለው ግን የራሷ መሆን አለበት፤ ቢላ የሚበደር ወጥ ሰሪ ማለት መሪ የሚበደር ሹፌር ማለት ነው። ማሚቱ ጨርቋን ፈታ አራቱን ስትደረድር ሴቶቹ ከኋላዋ አንገታቸውን እያሰገጉ የቀረውን ፈለጉ። አንዷማ ዕቃሽ ኋላ በሚመጣው መኪና ነው ወይ ብላ ጠየቀቻት። ማሚቱ ሽንኩርቱ ጋ ላከቻት።

አርብ ጾም ስለሆነ ለሰራተኛውና ለጎረቤቱ የሚቀርበው ምሳ ምስር ወጥና ጎመን ነበር። ነጩ ክር የዋለው ያን ቀን ነው። ሽንኩርቱን፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ዝንጅብሉን፣ ጎመኑን፣ ቃሪያውን፣ ሁሉንም ብቻውን ተወጣው። ሲዶለዱም በሞረድ ሁለቴ ሳብ ሳብ ታደርገዋለች፣ ይቀጥላል። ማሚቱ እንዳለችኝ ማታ ላይ ቆም ብላ ስታስበው ከረጢቱ ውስጥ የቀሩትን አንዳቸውንም አልፈለገቻቸውም። ይልቅ ትንሽ ተናደደች፤ ይሄን ሁሉ ዓመት ምን ተሸክሜ ነበር ብላ።

ቅዳሜ ጠዋት በሬዎቹ ታረዱ፣ የክርስቲያኑ በክርስቲያን እጅ፣ የእስላሙ በእስላም እጅ፣ በግቢው ወዲያና ወዲህ። ማሚቱ ለዱለቱ ጉበቱን ልትከትፍ ተቀመጠች። ድሮ ከረጢቱ ባለበት ጊዜ የሀሊሜ ቢላ ብቻውን በካልሲ ተጠቅልሎ ከስር ነበር የሚቀመጠው፣ ለማውጣት ራሱ መጎርጎር ነበረበት። አሁን ግን ጨርቁ ላይ ከቀዩ ጎን ተጋድሟል። ስልኳ ጮኸ። ሻሿ ስር ወትፋ አነሳችው፣ እጇ ወደ ጨርቁ ሄደ፣ ዓይኗ ጉበቱ ላይ ነው። ሰሎሜ ናት። አራቱ በቃሽ ወይ አለቻት።

«በቃኝ እንጂ፣ ምን ጎደለኝ?» አለች ማሚቱ እየከተፈች።

ይህንን ብላ ዝቅ ብላ ብታይ እጀታው ላይ ያለው ክር አረንጓዴ ነው።

መልሼ እደውላለሁ ብላ ስልኩን ዘጋችው። በዚያው ቅጽበት ከወዲያኛው ዳስ ሀሊሜ ትጣራለች፣ በሬው ተገፍፏል፣ ቢላዬን ይዘሽልኝ ነይ እያለች። ማሚቱ ዙሪያዋን አየች። የቀሩት ሴቶች ሽንኩርት ላይ ናቸው፣ ሁሉም ዓይናቸው እንባ ሞልቷል፣ ማንም ምንም አላየም። የፈላ ውሃ አጠገቧ አለ። ሎሚም አለ። እውነቱን ልንገርህ አለችኝ፣ እጄ ወደ ውሃው ሄዷል። አጥቤ ብሰጣት ሀሊሜ አመስግና ትቀበለኛለች፣ ሰርጉ ያልፋል፣ እኔም አሰላ እኖራለሁ። ብነግራት ግን ሀሊሜ ቢላ የላትም፤ ቢላ ከሌላት ከገብረወልድ ጎረቤት መበደር ነው፤ ከተበደርን ደግሞ አዳማ ነው። ይህንን ሁሉ ያሰበችው ውሃው እጇን እስኪያቃጥላት ድረስ ነው።

ከዚያ ቢላውን ከነደሙ ይዛ ተነሳች።

ሀሊሜ ግንድ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች። ማሚቱ ቢላውን አሳየቻት። ሀሊሜ ክሩን አየች፣ ደሙን አየች፣ ከዚያ ማሚቱን አየቻት። ሁለቱም እዚህ ጋ ሲደርሱ ለእኔ ሲነግሩኝ ድምፃቸው ዝቅ ይላል።

«ምንድን ነው የቆረጥሽበት?» አለች ሀሊሜ።

«ጉበት።»

«ብዙ?»

«ግማሹን።»

እንግዲህ የሀሊሜ ሳቅ ከወሬዋ ይቀድማል ብያችሁ የለ፣ ያን ጊዜ ግን አልቀደመም። ብታጥቢው አላውቅም ነበር እኮ አለቻት። ማሚቱ አውቃለሁ አለች። ሀሊሜ ፊቷን አዙራ የተገፈፈውን በሬ አየች፣ ከዚያ ከጎረቤት አንድ ላስመጣ አለች፣ እኔ ነኝ የምበደረው፣ አንቺ አይደለሽም። ማሚቱ ጨርቁ አንድ ነው፣ ያንቺም የኔም ነው፣ ከተበደርሽ ተበደርኩ ብላ እምቢ አለች። ለልጇ የገባችውን ቃል በዚህ መንገድ ልታመልጠው አልፈለገችም። ግንዱ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። የሀሊሜ ረዳቶች ስጋውን ከበው ቆመው ያዩዋቸዋል፣ እነዚህ አሮጊቶች አሁን ደግሞ ምን ሆኑ እያሉ።

ሀሊሜ ናት ቀድማ የተናገረችው።

«ነጩስ ምን ነክቷል?»

«ሽንኩርት። ምስር። ጎመን።»

«ስጋ?»

«የጾም ነው እኮ ሀሊሜ። ከተገዛ ጀምሮ ስጋ አያውቅም።»

«የእኔንም የአንቺንም አያውቅም ማለት ነው?»

«የማንንም።»

«ታዲያ ዛሬ ምን ቀን ነው?»

ማሚቱ ያኔ ገባት። አርብ አልፏል። ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ ነገ እሁድ፣ ሰርጉ እስኪያልቅ ድረስ ጾም የሚባል የለም። ነጩ ክር ስራውን ጨርሶ ጨርቁ ላይ ተኝቷል። የማንም ስጋ ስላልነካው ለሀሊሜ ንፁህ ነው፤ ማሚቱም እስከ ረቡዕ አትፈልገውም። አረንጓዴው ደግሞ አንዴ ጉበቱን ከነካ አይመለስም፣ የማሚቱ ሆኗል። ለአንድ በሬ አንድ ትልቅ ቢላ ትንሽ አንሷት ስለነበር እንዲያውም ተመቻት።

ሮጣ ነጩን አመጣችላት። ሀሊሜ ነጩን ክር በጥርሷ በጠሰችው፣ ከሻሿ ጫፍ ሌላ አረንጓዴ ክር መዝዛ አሰረችበት። የድሮውን አረንጓዴ ለምን አልፈታሽም ብዬ ብጠይቃት ደም የነካውን ክር ምን ላድርገው አለችኝ። ሳቋ የመጣው ያኔ ነው። ዳሱ ውስጥ ያሉት ሁሉ እስኪዞሩ ሳቀች። ለጉበት ብለሽ ቢላዬን ቀማሽኝ አለቻት፣ ይህንንም እስከ ዛሬ በየድግሱ ትደግመዋለች። ማሚቱ ሁልጊዜ እንደ አዲስ ትቆጣለች።

ምሳ ሰዓት ላይ ማሚቱ ለሰሎሜ ደወለች። ሁሉንም ነገረቻት፤ አልተበደርኩም፣ ግን ተሳስቻለሁ፣ በትልቁ ከረጢት ይሄ ሆኖብኝ አያውቅም፣ እንግዲህ ፍርዱ ያንቺ ነው አለቻት። ስልኩ የተቋረጠ መስሏት ማሚቱ ሃሎ ሃሎ ትላለች።

«እማዬ፣ ትከሻሽስ?»

«ምን ሆነ ትከሻዬ?»

«አመመሽ ወይ ነው የምልሽ።»

ማሚቱ እጇን አነሳች። ሻሿን ነካች፣ አወረደች፣ ደግማ አነሳች። ከሐሙስ ጀምሮ አላሰበችውም ነበር። ረስቼዋለሁ አለቻት። ሰሎሜ ይሄ ነው እኮ እኔ የምፈልገው አለች፣ ስለ ቢላው እናንተ ሁለታችሁ ተስማሙ፣ ክፍሉን ለሰው አከራየዋለሁ። ማሚቱ በስንት እንደምታከራየው ልትጠይቃት ስትል ዘጋችባት።

ከጢቾ ሲመለሱ አሰላ ገበያ ወርደው ለጾም አዲስ ቢላ ገዙ። ነጋዴው ስለቱን ለማሳየት ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ ሊቆርጥ ሲል ማሚቱ እጁን ያዘችው፣ ዛሬ ጠዋት በዚህ ቢላ ምን በላህ ብላ። ሰውየው እስኪምል ድረስ አልለቀቀችውም።

አንድ ነገር ብቻ ተለውጧል። ሀሊሜ ከዚያ ወዲህ ቢላዋን ለማሚቱ አትሰጥም፣ ራሷ ከማማሰያው ጋር በዘንቢሏ ትይዘዋለች። ማሚቱ በዚህ ነገር አኮረፈች። አላመንሽኝም ማለት ነው ብላ ለተወሰነ ጊዜ ወደ ሀሊሜ ቤት አልሄደችም፤ ሀሊሜም አልለመነቻትም፣ ብቻ በየማለዳው በሩ ላይ እያለፈች ሰላምታዋን ትጥላለች። ባለፈው ሰሞን ለአቦምሳ ሰርግ ሲነሱ እኔ በሩ ላይ ቆሜ አይቻቸዋለሁ። ማሚቱ በአንድ እጇ ሶስት ቢላ የተጠቀለለበት ጨርቅ ይዛለች፤ ጉበት የነካው ከካራው ጋር ሳጥን ገብቷል። በሌላው እጇ የገብስ ቆሎ በላስቲክ ቋጥራለች፣ ለመንገድ፣ ለሁለት ሰው የሚበቃ። ሀሊሜ ሚኒባሱ ውስጥ ቀድማ ገብታ አጠገቧ ያለውን ወንበር በዘንቢሏ ይዛላት ነበር።